«ለምን ለቀቅከው?»

የጠየቀኝ ልጅ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ በረዶ ላይ ተዘርሬያለሁ፣ እሱ ከበላዬ ቆሟል። ሄልሜቱ ግንባሩን ውጦታል፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቷል። አልተቆጣም። አልሳቀብኝም። የምር ግራ ገብቶት ነው። «ለምን ለቀቅከው?»

መልስ ነበረኝ። በስዊድንኛ ግን አልመጣልኝም። በአማርኛም ቢሆን በቀላሉ የሚመጣ አይመስለኝም። ያ ክረምት አለፈ፣ ሌላው መጣ፤ ጥያቄው ግን አልተወኝም። አውቶቡስ ስጠብቅ ትዝ ይለኛል። ሰሃን እያጠብኩ ትዝ ይለኛል። ለሰው ሳወራው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማታ ጋደም ስል ደግሞ ይመጣል።

ቦታው ከስቶክሆልም ወጣ ያለች ትንሽ የስኪ ኮረብታ ናት። ጊዜው የካቲት፣ የስፖርትሎቭ ሳምንት፤ ትምህርት ቤት በክረምት የሚዘጋበት ሳምንት ማለት ነው። እዚህ ልጅ የምታሳድጉ ስፖርትሎቭ ኪስን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ልጄ «አባቢ፣ ከክፍላችን ስኪ የማልችለው እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ አባት ምን ምርጫ አለው? ዕቃ ተከራይተን ሄድን።

## መውጣቱን ማን ነገረን?

ስኪ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ቁልቁለቱ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለውም እሱ ነው። ሰውዬው በረዶውን እያቦነነ ሲወርድ እንጂ እዚያ ላይ እንዴት እንደደረሰ የሚቀርጽ የለም። አበሻና ስኪ ሲነሳ ደግሞ ቶሎ የሚመጣልን ሮቤል ተክለማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። የእሱ ግን አገር አቋራጭ ስኪ ነው። ዳገቱን የሚወጣው በገዛ ጉልበቱ ነው። ዳገት ስለሚያወጣው ማሽን፣ ስለ ሊፍት፣ ከእሱ የምንማረው ነገር የለም።

ስለዚህ ዝግጅቴ ሁሉ ለመውረድ ነበር። እንዴት እንደሚቆም ተማርኩ፤ የስኪውን ጫፍ አቀራርቦ ኋላውን ከፈት ማድረግ ነው። ለጀማሪ በተከለለችው ቦታ በሩልባንድ እየወጣሁ ወረድኩ። ሩልባንድ መሬት ላይ የተዘረጋ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው። ቆመህ ዝም ትላለህ፣ ያደርስሃል። ልጄ ግን ገና ከሰዓቱ ሳያልቅ ሰለቻት። «ወደ ትልቁ እንሂድ» አለች። ወደ ትልቁ የሚያወጣው ደግሞ አንካርሊፍት ብቻ ነው።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከላይ፣ ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋ የብረት ገመድ ይዞራል። ገመዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ሳጥን ተሰቅሏል። ሳጥኑ ውስጥ ሞላና የተጠቀለለ ቀጭን ገመድ አለ። የዚያ ገመድ ጫፍ ላይ ዘንግ፣ ከዘንጉ ሥር ደግሞ አግዳሚ። የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ቲ ማለት ነው፤ አሜሪካ ያላችሁ ቲ-ባር ትሉታላችሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል። ዘንጉ መሃላቸው ይገባል፣ አግዳሚው ግራና ቀኝ ከመቀመጫቸው ሥር ያርፋል። ከዚያ እየጎተተ ሽቅብ ይወስዳቸዋል። ስኪያቸው ከመሬት አይነሳም።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከኋላህ አግዳሚ ነገር ሲመጣ ሰውነትህ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ መቀመጥ። ይሄ ግን አያስቀምጥም። ከተቀመጥክበት ሞላው ይለቃል፣ ገመዱ ይረዝማል፣ አግዳሚው አንተን ይዞ ይወርዳል። ስኪው ወደፊት፣ አንተ ወደኋላ። ጉልበትህን ለስለስ አድርገህ መቆምና ለሚጎትትህ ነገር ራስህን መስጠት አለብህ። ሲወራ ቀላል ነው።

መነሻው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አግዳሚው ደረሰልህ፣ ተደገፍክበት፣ ተዘጋጀህ። ምንም አይሆንም። ገመዱ ገና ከሳጥኑ እየተተረተረ ነው። «ተበላሸ እንዴ?» ብለህ ዘወር ስትል ላፍ ያደርግሃል። እዚያች ቦታ ላይ የሚወድቀው ሰው ብዛት! እኔ እንዳልወድቅ ብዬ ዘንጉ ላይ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩ። አልወደቅኩም፤ ላይ ስደርስ ግን ክንዴ ዝሎ ዱላዬን መያዝ አቃተኝ። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ? ጉተታው በጭን ነው። እጅ ዘንጉን የሚነካው ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ብቻ ነው። ይህን ያስረዳችኝ ልጄ ናት፣ ለዚያውም ዓይኗን እያንከባለለች።

የሊፍቱ ሠራተኛ ወጣት ሴት ነበረች። እያንዳንዱን አንካር፣ ማለትም ያንን ዘንግና አግዳሚ፣ ከአየር ላይ ቀልባ ከተሳፋሪው ኋላ ታስገባለች። ሰውን ቀና ብላ አታየውም፣ ልብሱን ነው የምታየው። ሻርፔ ከጃኬቴ ውጪ ተንጠልጥሎ ስታይ ሌላውን ሁሉ ትታ «ወደ ውስጥ!» አለችኝ። የቦርሳ ማንገቻ፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ ሻርፕ፤ አንካሩ ላይ ከተጠላለፈ ላይ ስትደርስ አንተ ልውረድ ብትል እሱ አይለቅህም።

## ሁለተኛው ሰው ከየት መጣ?

ወደ ልጁ እመለሳለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ማሽን ማን እንዳሰበው ማወቅ ፈለግኩ። በተለይ ሁለት ሰው አንድ እንጨት ላይ አጣብቆ ዳገት የማስወጣቱ ሐሳብ ከየት መጣ?

የሚጎትት ሊፍት አየር ላይ ተቀምጠህ ከምትወጣበት ከወንበር ሊፍት በዕድሜ ይበልጣል። ጀርመን ውስጥ፣ ጥቁር ደን በሚባለው አካባቢ፣ ሾላክ በምትባል መንደር ሮበርት ቪንተርሃልደር የሚባል የእንግዳ ማረፊያ የነበረው ሰው በ1908 በውሃ ወፍጮ ኃይል የሚዞር ገመድ ዘርግቶ እንግዶቹን ዳገት ማስወጣት ጀመረ። ወፍጮ! እህል ይፈጭ የነበረው ውሃ ሰው ሲጎትት ይታያችሁ። አሜሪካኖቹ ደግሞ በ1934 ቨርሞንት፣ ዉድስቶክ ላይ የመጀመሪያቸውን የገመድ መጎተቻ ሲተክሉ ያዞሩት በፎርድ ሞዴል ቲ ሞተር ነው። እዚያ ሰው ገመዱን በእጁ ጨብጦ ነው የሚወጣው።

በዚያው በ1934 ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ውስጥ፣ ቦልገን የተባለ ተዳፋት ላይ ኧርንስት ኮንስታም የተባለ የዙሪክ መሐንዲስ የዛሬውን ዓይነት ሊፍት ተከለ። ጉተታውን ከእጅ ወደ ገላ ያዛወረው እሱ ነው። መጀመሪያ ማንጠልጠያው ለአንድ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ሆነ። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። በዚያው ገመድ፣ በዚያው ምሰሶ፣ በዚያው ሞተር እጥፍ ሰው ታወጣለህ።

ይህን ሳውቅ ቅር አለኝ። እኔ እኮ ከጀርባው የሆነ ሐሳብ ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለተኛው ሰው የመጣው ሰልፍ ለማሳጠር ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ምን ችግር አለው? መሐንዲሱ ቦታውን ሰጠ። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ላይ ምን እንደሚሆኑ ንድፉ ላይ አልተሣለም።

ብቻን የሚወጣበትም አለ። ሚኒሶታ ያላችሁ በርንስቪል ያለውን ባክ ሂል ሳታልፉበት አትቀሩም። ከፍታው 100 ሜትር የማይሞላ ጉብታ ነው። የኦሎምፒክ የስኪ ሻምፒዮኗ ሊንዚ ቮን በልጅነቷ የሠለጠነችው እዚያ ነው፣ በገመድ መጎተቻ። ገመዱ ፈጣን ስለሆነ ልጆቹ ሲወጡና ሲወርዱ ነው የሚያመሹት። ገመዱን መጀመሪያ ለቀቅ አድርገህ ትይዝና ጓንትህ ውስጥ እንዲንሸራተት ትተዋለህ። ከዚያ ቀስ እያልክ ትጨብጣለህ። ባንዴ ከጨበጥከው ትከሻህን መንጭቆህ ይሄዳል። ጓንት ይጨርሳል። ግን ብቻህን ነህ። ብትለቅ የምትቀረው አንተ ነህ። አንካርሊፍት ላይ አንዱ ከሄደ የሌላውም ሚዛን አብሮ ይሄዳል።

ደግሞ ማንም ቶሎ የሚገላገላቸው አይመስለኝም። ነፋስ ሲያይል ወንበር ሊፍት ይቆማል፣ መሬት ለመሬት የሚጎትተው ግን ይሠራል። አልፕስ ላይ በበረዶ ግግሮች ላይ የሚተከሉትም በብዛት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ግግሩ ስለሚንቀሳቀስ ምሰሶውን እየነቀሉ ማዛወር ያስፈልጋል። ለአጭር የስዊድን ኮረብታ ደግሞ ርካሽ ነው። ስለዚህ ልጅ ያለን ሰዎች ብንለምደው ይሻላል።

## «ብቻህን ነህ?»

ልጄ የክፍል ጓደኛዋን አገኘችና ጥላኝ ሄደች። ሰልፉ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ስቶክሆልም ውስጥ አውቶቡስ ላይ ሌላ ቦታ እስካለ ድረስ ጎኔ የሚቀመጥ የለም። ቅሬታ አይደለም፤ እርስ በእርሳቸውም እንዲሁ ናቸው። የአንካርሊፍት ሰልፍ ላይ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ሁለት ሁለት ሆኖ መውጣት ስላለበት ብቻውን የቆመ ሰው ጥንድ ይፈልጋል። «ብቻህን ነህ?» ትባላለህ። «አዎ» ካልክ አለቀ። ከዚያ ከማታውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ ዳሌ ለዳሌ ተጣብቀህ ትጓዛለህ። «አንዴ ጠጋ በሉ» የተባለበት የሚኒባስ ኋላ ወንበር እንኳ እንዲህ አያጣብቅም።

«ሃሎ! ብቻህን ነህ?»

ድምፁ ከታች ነው የመጣው። ወደታች አየሁ። ሄልሜት።

«ጀማሪ ነኝ፣ ሌላ ሰው ፈልግ» ልለው ነበር። ይህን በስዊድንኛ እስካቀናብር ሠራተኛዋ አንካሩን ይዛ መጣች። ለልጁ እንዲሆን ዝቅ አድርጋ ያዘችው። እሱን ወገቡ ላይ፣ እኔን ጉልበቴ ጀርባ ላይ። እኔ ጎንበስ አልኩ፣ እሱ ተንጠራራ። ትንሿ ክርኑ ጭኔ ላይ ተደገፈች። ላፍ! ተነሳን።

አንገቴን ደፍቼ የስኪዬን ጫፍ እያየሁ ነበር። የግራው ወደ እሱ ሊሄድብኝ ይፈልጋል። በሄደ ቁጥር እመልሰዋለሁ፣ በመለስኩት ቁጥር ይብስበታል።

«ስኪህን አትይ» አለኝ። «ምሰሶውን እይ።»

ምሰሶውን አየሁ። ስኪው በራሱ ቀጥ አለ። እንዴት ነው እንዲህ ያለ ነገር በነፃ የሚሰጠው?

ከዚያ ወሬ ጀመረ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እዚያ በረዶ አለ?» አለ። ተራራ ላይ አልፎ አልፎ እንዳለ ነገርኩት። «ተራራ አላችሁ?» ራስ ዳሽንን ነገርኩት። «ከኬብነካይሴ ይበልጣል?» ኬብነካይሴ የስዊድን ትልቁ ተራራ ነው፣ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ራስ ዳሽን 4,550 ይሆናል። «በእጥፍ» አልኩት። ዝም አለ። እንዳላመነኝ ያስታውቃል። አንድ መቶ ሜትር የማትሞላ ጉብታ ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣ ሰው ስለ ራስ ዳሽን ሲያወራ ማን ያምነዋል?

ከመሃል በላይ ዳገቱ ቀጥ ይላል። ቀን የሚቀልጠው በረዶ ወደ ማታ ይጠጥራል። የመቶ ሰው ስኪ ደግሞ ቦይ ፈልፍሎበታል። የልጁ አንድ ስኪ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ሌላው ውጪ ቀረ። «ኦይ» አለ። ጎኔ ባዶ ሆነ።

አግዳሚው በእኔ በኩል ብቻ ሲከብደው ተጠማዘዘ። ዘንጉን በሁለት እጄ ያዝኩና ዘወር አልኩ። ልጁ መንገዱ ላይ በሆዱ ተኝቷል። ከኋላው የሚቀጥለው አንካር እየመጣ ነው፤ አንድ ግዙፍ ሰውዬና ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት። እኔ ደግሞ ወደ ላይ እየራቅኩ ነው። ምንም ሳላደርግ በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ እርቃለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ። አላሰብኩም።

ለቀቅኩት።

አንካሩ ተፈናጥሮ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። እኔ በጎኔ ወደቅኩና በጠጣሩ በረዶ ላይ እየተንሸራተትኩ ቁልቁል ሄድኩ። ልጁ ወድቆበት የነበረው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ልጁ እዚያ የለም። ድሮ ተንከባሎ ከመንገዱ ወጥቷል። ዛፎቹ ጥግ ቆሞ ሱሪውን ያራግፋል። አሁን የግዙፉን ሰውዬ መንገድ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

«ተንከባለል!» ብሎ ጮኸ ልጁ። ተንከባለልኩ። ሰውዬው ዱላዬን ረግጦ አለፈ። ይቅርታ እየጠየቀኝ እያለፈ ነው፣ አቁሞ ማንሳት አይችልማ!

ያኔ ነው ልጁ የጠየቀኝ።

## አንድ ሰው ይበቃል

ከዚያ የወረድነው በዛፎቹ መሃል ነው። ቀጥ ብዬ ልወርድ ስሞክር «እንደሱ አይደለም» አለኝና ሰያፍ እየሄደ አሳየኝ። ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይጠብቀኛል። አባቱ ታች ላይ ከቴርሞስ ቡና እየቀዳ ነበር። «ወደቅክ?» አለው። «አዎ። እሱም ወደቀ» አለ ልጁ። ይኸው ነው። አባትየው ፈገግ አለልኝ። ልጁ ተመልሶ ወደ ሰልፉ ሄደ።

ሠራተኛዋ ከታች አይታን ኖሮ ጠራችኝ። አልተቆጣችም። «አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቀጥላል» አለችኝ። «የወደቀው ከመንገዱ ይወጣል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተኛ ሦስተኛውና አራተኛውም ይጨመርበታል።» የሚያሳስብ ከሆነ ላይ ደርሼ ወርጄ ላየው እችላለሁ። ሊፍቱን ማቆም ካስፈለገ ደግሞ የምታቆመው እሷ ናት። አንድ ሰው መውደቁ ይበቃል።

ልክ ናት። ምንም የሚባል ነገር የለውም። እኔን ግን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ ማንነቴን ሳያውቅ ጎኔ ቆመ፣ ክርኑን ጭኔ ላይ ጣለ፣ ሲያወራኝ ወጣ። እንዲህ የተጠጋኝ ሰው ሲወድቅ ትቼው እንድሄድ ነው የጠበቀው። ቅር ሳይለው። እንዲያውም ባለመሄዴ ነው የገረመው። አብሮ መውጣቱ የሁለታችን ነበር፣ መውደቁ ግን የግሉ ነው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ደግሞ የወደቀ ልጅ የማንም ቢሆን ያየው ሰው ያነሳዋል። ሲያነሳው ደግሞ «የማነህ አንተ?» ብሎ በኩርኩም ማለቱም አይቀርም፤ እሱም የማሳደግ አካል ነው። የነበረኝ መልስ ይኸው ነበር። በየትኛው ቋንቋ ነው ለስድስት ዓመት ልጅ የሚነገረው?

ግን ሐቀኛ ለመሆን ይህ ብቻ አይመስለኝም። ይሉኝታም አለበት። ላይ ብቻዬን ብደርስና የልጁ እናት እዚያ እየጠበቀች ቢሆንስ? «ልጄስ?» ብትለኝ ምን እላለሁ? ስለዚህ የለቀቅኩት ለልጁ ነው ወይስ ለራሴ ፊት? ይህን ሳብሰለስል ነው ማታ ማታ እንቅልፌ የሚዘገየው። ምናልባት ሁለቱም። ሁለቱን የሚለይ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው። ሳቋን ስትጨርስ ወዲያው ከልጁ ጋር ወገነች። እነሱም ሥራ ሲጀምሩ የሚማሩት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ሚዛን ስቶ ሲወድቅ በክንድህ ልትሸከመው አትሞክር። በሰውነትህ ተደግፎ ቀስ ብሎ መሬት እንዲደርስ ታግዘዋለህ። እቀልበዋለሁ ያለ ሰው ወገቡ ይሄዳል፤ ያኔ የሚነሱት ሁለት ናቸው። «ታዲያ መጀመሪያ ቀን ከብዶሽ አያውቅም?» አልኳት። «አሁንም ይከብደኛል» አለች። «እጄ ቀድሞኝ ይሄዳል።»

እናቴ ግን ከእኔ ጋር ትሆናለች ብዬ ነበር። በስልክ ዘርዝሬ ነገርኳት። ሽቅብ የሚጎትት እንጨት እንዳለ ለማስረዳት ብቻ ብዙ ፈጀብኝ። «ገንዘብ ከፍለህ ነው የሚጎትቱህ?» አለች። ከዚያ መውደቁን፣ መልቀቄን፣ በዛፍ መሃል መውረዳችንን ነገርኳት። ደግ አደረግህ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «ቆይ፣ ልጁ ይችላል፣ አንተ አትችልም?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል ሲባል አልሰማህም እንዴ! አሁን ማን ማንን ሊያነሳ ነው የወደቅከው?» እሷም ከእነሱ ጋር ሆነች። ከአምስት ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ደጋፊ አጣሁ።

## ጋሼ

ዘንድሮ በሊፍቱ አልቸገርም። ምሰሶውን አያለሁ፣ አልቀመጥም፣ ዘንጉን ነካ አድርጌ ብቻ እይዛለሁ። ልጄ ከእኔ ጋር መውጣት ስላፈረች ጥንዴን ሰልፍ ላይ ነው የማገኘው። ከልጅ ጋር ስወጣ ገና ሳንነሳ «ብትወድቅ ምን ታደርጋለህ?» እላለሁ። ሁሉም ያውቁታል። «ተንከባልዬ እወጣለሁ።» «እኔስ?» «ትሄዳለህ!» አፋቸው ላይ ነው። እኔ ነኝ ደጋግሜ መስማት የሚያስፈልገኝ።

በቀደም ግን አንድ አበሻ ሰልፉ ላይ አገኘሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ። የልጅ ልጃቸው ይዟቸው መጥቶ ጥሏቸው ሄዷል። «ይሄን ነገር ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩ። በሰልፉ ላይ ያለውን ሁሉ አስረዳኋቸው፤ እንዳይቀመጡ፣ ሻርፑን ወደ ውስጥ፣ ዱላውን በውጪ እጅ፣ ምሰሶውን እያዩ። በደንብ ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ ደግሞ እኔ ብወድቅ እንዳይለቁ። ትተውኝ ይሂዱ» አልኳቸው።

ዘወር ብለው አዩኝ። «ምን ማለትህ ነው?»

«ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ሰው ወድቆ ጥሎ መሄድ? እንዴት ተደርጎ!»

አንካሩ መጣ። ተነሳን። እኔ የሠራተኛዋን ምክንያት፣ የባለቤቴን ምክንያት፣ የእናቴንም ጭምር እያነሳሁ አስረዳለሁ። እሳቸው «የለም፣ የለም» ይላሉ። አንዴ ሊቆጡኝም ቃጣቸው። በክርክሩ ስኪያቸውን ማየት ረስተዋል፣ ስለዚህ ቀጥ ብለው ነው የወጡት። ጠጣሩን ዳገት፣ ቦዩን፣ ዛፎቹን ሳናያቸው አለፍን። በመጨረሻ የሚደግፈኝ ሰው ሳገኝ ተከራካሪው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

መውረጃው ደረሰ። እዚህ ላይ አንዱ ቀድሞ ተላቆ ወደ ጎን ይወጣል። ሌላው አንካሩ እንዳይወናጨፍ ዘንጉን ይዞ ይቆይና ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ይህን ታች ላይ መንገር ረስቼ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ» አልኩ።

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«እርስዎ እያሉማ አይሆንም።»

«በሞቴ ቅደም!»

«ጋሼ፣ ኧረ በእግዚአብሔር…»

መውረጃውን ያለፈ ሰው የሚነካት ቀጭን ገመድ አለች። ስትነካ ሊፍቱን ታቆማለች። ነካናት። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ባለበት ቆሞ ቀና ብሎ አየን። ጋሼ ዘንጉን እንደያዙ ወደታች ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁንማ ቅደም» አሉኝ።